ብርድ የማን ንብረት ነው?

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ባለችው በሜይን ክፍለ ግዛት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው በናፍታ ነው። ምድር ቤት ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ 275 ጋሎን የሚይዝ የብረት ታንከር ይቆማል፤ አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ነው። ናፍታው ቀይ ነው። መኪና ከሚነዳበት ናፍታ እምብዛም አይለይም፤ ቀለሙ የሚጨመርበት የመንገድ ታክስ ስላልተከፈለበት መኪና ውስጥ ቢገኝ ወዲያው እንዲታወቅ ነው። ቦቴው ደጅ ይቆማል፤ ሾፌሩ ረጅሙን ጎማ ጎትቶ ከግድግዳው ውጭ ባለው አፍ ላይ ይገጥመዋል። ታንከሩ እየሞላ ሳለ ከመተንፈሻው ቱቦ ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱ ቀጥ ሲል ሞልቷል ማለት ነው። ሾፌሩ ታንከሩን ሳያይ በጆሮው ብቻ ይሠራል።

ከአዲስ አበባ ሄዶ ቦስተን አካባቢ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው በመጀመሪያው የብርድ ወቅት የሚያስገርመው ነገር አለ። አገር ቤት የነጭ ጋዝና የናፍታ የማደያ ዋጋ መንግሥት ቆርጦ የሚያሳውቀው ነው። እዚያ ግን በአንድ ከተማ ሁለት አከፋፋዮች፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ዓይነት ናፍታ የተለያየ ዋጋ ይጠራሉ። በጋሎን የ50 ሳንቲም ልዩነት ቢኖር፣ 200 ጋሎን ለሚያስሞላ ቤተሰብ 100 ዶላር ነው። የዋጋው ሥር የድፍድፍ ነዳጅ የዓለም ገበያ ነው፤ በዚያ ላይ የማጣሪያው፣ የማጓጓዣው፣ የአከፋፋዩ ድርሻ ይደመራል። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወራት በኋላ የሚረከቡት የማሞቂያ ናፍታ ኒው ዮርክ ውስጥ በገበያ ላይ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ገና ያልመጣው ብርድ አስቀድሞ ዋጋ ይወጣለታል።

ብልህ ቤተሰብ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ስለ ብርድ ማንም በማያስብበት በኦገስት ታንከሩን ያስሞላል። ሦስት አራት አከፋፋይ ጋ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ያነጻጽራል። አከፋፋዩ የየዕለቱን ቅዝቃዜ እያሰላ ሳይጠሩት ከሚመጣበት ውል ይልቅ፣ መለኪያውን ራሱ እያየ ሲጎድል መጥራትን ይመርጣል፤ እንዲህ ያለው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያገኛል። በአንዴ ብዙ ያዝዛል፣ እጅ በእጅ ይከፍላል፣ ነፋስ የሚያስገባውን የመስኮት ስንጥቅ ይደፍናል። ጀርመን ውስጥ ጎረቤታሞች ተሰባስበው በአንድ ቦቴ በጋራ ያስመጣሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ልጆቹን የሚያሞቅ ሰው ገንዘቡን በከንቱ መበተን የለበትም።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለውን ነገር የሚሸጥ ምን ያህል ቢጠይቅ ይገባዋል? የሚገዛውስ ዋጋ እስከምን ድረስ ቢያስወርድ ነው ተገቢ የሚሆነው? በርካሽ የገዛ ሰው በውድ ለገዛው ጎረቤቱ አንዳች ዕዳ አለበት? ጥያቄዎቹ ከናፍታ ይልቅ እጅግ ያረጁ ናቸው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ብርድን እንደ ተራ ችግር አያዩትም። ኦሪት ዘጸአት የድሃን ልብስ መያዣ አድርጎ የወሰደ አበዳሪ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ይናገራል፦ ያ ሰው ሌላ የሚለብሰው የለውም፣ በምን ይተኛል? ብድሩ ትክክለኛ ነው፣ መያዣውም ሕጋዊ ነው። ሌሊቱ ሲመጣ ግን የአበዳሪው መብት ለጥቂት ሰዓታት ወደ ኋላ ይላል። ስለ ማሞቂያ ዋጋ የሚያስብ ሰው ይህን ትእዛዝ ሊዘለው አይችልም። ገበያው አልተሻረም፣ ብርዱ ግን ወሰን አበጅቶለታል።

በ13ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ በሱማ ቴዎሎጂካው ስለ መግዛትና መሸጥ ሲጽፍ የደረሰበት ነጥብ ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ እርሱ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ፣ ጉዳቱን ዋጋው ላይ ቢጨምር በደል የለበትም ይላል። ሻጩ ምንም ሳይጎዳ ገዢው ግን በጣም ስለቸገረው ብቻ እጅግ የሚጠቀም ከሆነ ግን ሻጩ በዚያ ምክንያት ዋጋ መጨመር አይገባውም። ለምን? ችግሩ የገዢው ነውና። ሻጩ በዚያ ጊዜ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነን ነገር ነው። ወደ ሜይን ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፦ አከፋፋዩ የናፍታው ባለቤት ነው፣ የቦቴውም፣ የድካሙም፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነሥቶ በበረዶ መንገድ የመንዳቱም። ለእነዚህ ሁሉ ዋጋ ይጠይቅ። ብርዱ ግን የእርሱ አይደለም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ስለሆነ ብቻ የሚጨመር ሳንቲም ቢኖር የሚሸጠው ብርዱ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካንማን፣ ጃክ ክኔሽና ሪቻርድ ታለር በ1986 ባወጡት ጥናት ለሰዎች አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር፦ አንድ ሱቅ የበረዶ አካፋ በ15 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ ከባድ በረዶ በወረደ ማግስት ዋጋውን 20 ዶላር ቢያደርስ ፍትሐዊ ነው? ከመለሱት 82 በመቶዎቹ ፍትሐዊ አይደለም አሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1978 መጨረሻና በ1979 መጀመሪያ የማሞቂያ ናፍታ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በገበያ መናጋት ጊዜ ከመጠን ያለፈ ዋጋ መጠየቅን የሚከለክል ሕግ በዚያው ዓመት አወጣ። የአኩዊናስ ሐሳብ በሌላ መንገድ ወደ ሕግ መጽሐፍ ገባ።

ተቃራኒውን ክርክር ማቃለል ግን አይገባም። በ2000 ጃንዋሪ በኒው ኢንግላንድ የአንድ ጋሎን ዋጋ ከ1.20 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 2 ዶላርን ተጠጋ። ብርዱ ድንገት በረታ፣ የመጋዘን ክምችት አነስተኛ ነበር፣ ወንዞች ላይ የተጋገረው በረዶ ናፍታ የጫኑ ጀልባዎችን አዘገየ። ዋጋው ባይጨምር ኖሮ ናፍታ ከሩቅ ወደዚያ የሚያመጣ ነጋዴ ለምን ይቸኩላል? ቴርሞስታቱንስ ማን ዝቅ ያደርጋል? በእስልምና ትውፊት ሰዎች ነቢዩን ዋጋ እንዲተምኑላቸው ሲለምኗቸው እምቢ ማለታቸው ይነገራል፤ ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርድ አላህ ነው፣ እኔ ማንንም በድዬ መገናኘት አልሻም የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ። ያው ትውፊት ግን ዋጋ እንዲወደድ ብሎ እህል የሚያከማችን ሰው ኃጢአተኛ ይለዋል። በኋላ የመጣው የእስልምና ሊቅ ኢብን ተይሚያ ሁለቱን ያስታርቃል፦ እጥረቱ ከፈጣሪ ሲመጣ ነጋዴውን ማስገደድ በደል ነው፤ ሻጮች ሰውን ለማስጨነቅ ሲያሤሩ ግን ዋጋ መተመን ይገባል። ይህ ልዩነት ዛሬም ይሠራል። ወንዝ ሲጋገር የሚጨምር ዋጋና መጋዘን ሞልቶ ሳለ የሚጨምር ዋጋ በደረሰኝ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሕሊና ሚዛን ላይ ግን አይገናኙም።

ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ የተወው የሮዶስ ምሳሌ እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ደግ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ የገባባት ሮዶስ ደሴት ይደርሳል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን እርሱ ያውቃል፣ የሮዶስ ሰዎች አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሁለት የስቶአ ፈላስፎች፣ ዲዮጋንስና አንቲጳጥሮስ፣ በዚህ ተለያይተዋል፤ ሲሴሮ መደበቅ አይገባም ካለው ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይቆማል። አኩዊናስ በበኩሉ ፍትሕ እንዲናገር አያስገድደውም፣ ቢናገር ግን የበለጠ በጎነት ነው ይላል። ነገ ጀልባ እንደሚገባ የሚያውቅ አከፋፋይ ዛሬ ደውላ 250 ጋሎን ለምታዝዝ አሮጊት «ለዛሬ 100 ብቻ ልሙላልዎት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይረክሳል» ቢላት፣ አኩዊናስ ያለው በጎነት ይኸው ነው። እንዲህ የሚያደርግ አከፋፋይ ደንበኛው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ ይህ ግን የነገሩ ትርፍ እንጂ ምክንያቱ መሆን የለበትም።

እስካሁን የተወቀሰው ሻጩ ነው። ገዢውም የራሱ ፈተና አለው። መጽሐፈ ምሳሌ ሲገዛ ዕቃውን «መጥፎ ነው» እያለ ዋጋ የሚያስወርድ፣ ሲሄድ ግን በግዢው የሚኩራራ ሰው ያሳየናል። ታልሙድ ደግሞ በቁጥር ይናገራል፦ ከገበያው ዋጋ ከአንድ ስድስተኛ በላይ የራቀ ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል፤ በደሉም ሻጩ አስወድዶ ሲሸጥ ብቻ ሳይሆን ገዢው ሻጩን አታልሎ አርክሶ ሲገዛም በደል ነው። የአኩዊናስ ሐሳብም በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። የባንክ ዕዳ ያስጨነቀውን ትንሽ አከፋፋይ ጭንቀቱን አይቶ ከወጪው በታች እንዲሸጥ ማስገደድ የሌላውን ሰው ችግር በነጻ መግዛት ነው።

ቃልን መጠበቅም አለ። በ2008 ጁላይ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር ደረሰ። ብዙ ቤተሰቦች ከዚህም ይብሳል ብለው ፈርተው ለመጪው የብርድ ወቅት ዋጋቸውን በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ በውል ቆረጡ። ዲሴምበር ላይ ድፍድፉ ወደ 30ዎቹ ዶላር ወርዶ ነበር፤ ውል ያልገባው ጎረቤት ከ3 ዶላር በታች ያስሞላ ጀመር። መዝሙረ ዳዊት በእግዚአብሔር ድንኳን ማን ያድራል ብሎ ሲጠይቅ፣ ከመልሶቹ አንዱ ቃሉን ሰጥቶ የማይክድ ሰው ነው። መራራ መልስ ነው። አከፋፋዩ በዚያ ውል መሠረት ናፍታውን በውድ ገዝቶ ከሆነ ደንበኛው ቢሸሽ ኪሳራው በእርሱ ላይ ይወድቃል። ግዴታው በሌላውም በኩል እንዲጸና የሜይን ሕግ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀበል አከፋፋይ ናፍታውን ለማቅረቡ ዋስትና እንዲይዝ ያዝዛል፤ በኦገስት የተከፈለ ገንዘብ በጃንዋሪ ሲፈለግ ባዶ ኪስ እንዳይገኝ።

በርካሽ ጊዜ ማከማቸት ከዮሴፍ ታሪክ ጋር አብሮ ይነሣል። ከ2000ው ድንጋጤ በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሰሜን ምሥራቅ 2 ሚሊዮን በርሜል የማሞቂያ ናፍታ ክምችት እንዲቋቋም አደረጉ፤ በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አካባቢውን ሲመታ ከዚያ ተቀድቶ ወጥቷል። ይህ የሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ጥበብ ነው። ነገር ግን ስለ ዮሴፍ የሚሰጠው ስብከት ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ጎተራው ሲሞላ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ይቀጥላል፤ ምዕራፍ 47 ላይ ግብፃውያን መጀመሪያ ብራቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ይሸጣሉ። ሕይወታቸው ተርፏል፣ ምስጋናም አቅርበዋል፤ ነጻነታቸው ግን ጎተራው ደጃፍ ላይ ቀርቷል። ያው አንድ ጎተራ ሕዝብን አዳነ፣ ባሪያም አደረገ። ክምችት የማን ነው፣ ለማንስ ይከፈታል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል።

ነገሩ ይበልጥ የሚያመው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ነው። እዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት በነዳጅ ዘይት ይሞቃል፤ የተፈጥሮ ጋዝ መስመር መዘርጋት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ ብዙ ቤት አልደረሰውም። የሸማቾች ምክር ቤቱ የ300፣ የ500ና የ900 ሊትር ዋጋ በየሳምንቱ ያወጣል። 900 ሊትር የሚያዝዝ ሰው ለእያንዳንዱ ሊትር የሚከፍለው 300 ከሚያዝዘው ያነሰ ነው። ከሁሉም ሥር ያለው ግን ምንም ማዘዝ የማይችለው ነው። እርሱ ከማደያ በ20 ሊትር ጄሪካን ይገዛል፣ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ለሊትሩም ከሁሉም በላይ ይከፍላል። ሜይን ውስጥም ብዙ አከፋፋይ ከ100 ጋሎን በታች አያመጣም፣ ካመጣም ተጨማሪ ያስከፍላል። አከፋፋዩን መውቀስ ይከብዳል፤ ቦቴ ለ20 ሊትርም ለ900ም ያንኑ መንገድ ይነዳል። ውጤቱ ግን ዓይን ያወጣ ነው፦ ጥሩ ዋጋ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት ገንዘብ ላለው ሰው የሚከፈል ሽልማት ነው። የብልህነት ድርሻ አለበት፤ ትልቁ ድርሻ ግን ቀድሞ የነበረ ገንዘብ ነው።

የአሥሩ ደናግል ምሳሌ በዚህ ዓይን ሲነበብ እንቅልፍ ይነሣል። አምስቱ ልባሞች ዘይት ይዘዋል፣ አምስቱ አልያዙም። እኩለ ሌሊት ላይ ያልያዙት ሲለምኑ ልባሞቹ፣ ለእኛም ለእናንተም ላይበቃ ይችላል፣ ወደ ሻጮች ሄዳችሁ ግዙ አሏቸው። ሙሉ ታንከር ያለው ሰው ጄሪካን ለተሸከመው ጎረቤቱ በጃንዋሪ የሚሰጠው መልስ ይኸው ሊሆን ነው? ምሳሌው ለዚህ ምስክር ተደርጎ እንዳይጠራ ዮሐንስ አፈወርቅ በር ዘግቷል። በማቴዎስ ወንጌል ስብከቱ ውስጥ ዘይቱ ምጽዋት ነው፣ ለተቸገረ መድረስ ነው ብሎ ይተረጉማል። ሻጮቹስ እነማን ናቸው? ድሆች ናቸው ይላል። ዘይቱ የሚገኘው ከእነርሱ ነው፤ የሚገዛበትም ጊዜ አሁን እንጂ እኩለ ሌሊት አይደለም። በዚህ ትርጓሜ አምስቱ ሰነፎች በርካሹ ወቅት መግዛት የረሱ ናቸው፤ የረሱት ግን ደጃቸው ላይ የቆመውን ሰው ነው። ልባሞቹ እምቢ ያሉትም ስስት ይዟቸው አይደለም፤ አንዱ የሠራው ምጽዋት ለሌላው ሊቆጠር ስለማይችል ነው። ታንከር ውስጥ ያለው ቀዩ ናፍታ ግን ሊካፈል ይችላል። በመንፈሳዊው ዘይት የማይሆነው በዚህኛው ይሆናል፤ ስለዚህ የልባሞቹን መልስ ለጎረቤት መስጠት ምሳሌውን መገልበጥ ነው።

ርዳታ ሲመጣም ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም። በ1979 ጆሴፍ ኬኔዲ ዳግማዊ ለድሆች ማሞቂያ ናፍታ በቅናሽ የሚያቀርብ ሲቲዝንስ ኢነርጂ የተባለ ድርጅት ቦስተን ውስጥ አቋቋመ። በ2005፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ዋጋውን ካናረው በኋላ፣ የቬንዙዌላ መንግሥት ንብረት የነበረው የነዳጅ ኩባንያ ሲትጎ በዚሁ ድርጅት በኩል በ40 በመቶ ቅናሽ ናፍታ ማቅረብ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት የቬንዙዌላው ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽን ሰይጣን ብሎ ሲጠራ፣ በአላስካ ያሉ አንዳንድ የአገሬው ተወላጆች መንደሮች ሲትጎ በነጻ ያቀረበላቸውን ናፍታ አንቀበልም አሉ። ሌሎች ተቀበሉ። ሙቅ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሁለቱም ላይ መፍረድ የለበትም። እምቢ ያሉት ችግራቸው ለሌላ ሰው ንግግር ማጀቢያ እንዳይሆን ፈለጉ፤ ያ ችግር የራሳቸው ነውና መብታቸው ነው። የተቀበሉትም ልጆቻቸውን አሞቁ።

ኢትዮጵያውያን እቁብና እድር ስለሚያውቁ፣ የሰሜን አየርላንድ ሰዎች የደረሱበት መፍትሔ እንግዳ አይሆንባቸውም። በተለያዩ አካባቢዎች የነዳጅ መግዣ ማኅበራት አሉ። አባላት ትእዛዛቸውን በአንድ ቀን ይሰበስባሉ፣ አስተባባሪው ጠቅላላውን ይዞ ከአከፋፋዮች ጋር ይከራከራል፣ ቦቴውም በአንድ ጉዞ ሠፈሩን ያዳርሳል። የሚገኘው ቅናሽ እውነተኛ ነው፤ የአከፋፋዩ መንገድ ስላጠረ ማንም አይጎዳም። ይህን ጸሐፊ የሚያስደስተው ግን ትንሽ የሚያዝዘው ሰው ብዙ ከሚያዝዘው ጋር አብሮ መቆሙ ነው።

ለማኅበሩ ትእዛዝ ራሱ የሚበቃ ገንዘብ በአንዴ የማያገኝ ሰው ይቀራል። ለእርሱ አንዳንድ የአካባቢ ምክር ቤቶች ቴምብር ይሸጣሉ። አንዱ ቴምብር 5 ፓውንድ ነው። ሰው በሠፈሩ ሱቅ ዳቦና ወተት ሲገዛ አንድ ይጨምርና ካርዱ ላይ ይለጥፋል፤ ካርዱ ሲሞላ ለአከፋፋዩ ይሰጠዋል። በጁን አንድ፣ በጁላይ ሁለት፣ ልጆች ጫማ በሚገዛላቸው በሴፕቴምበር ምንም፤ ኖቬምበር ላይ ቦቴው ጄሪካን ብቻ ያውቅ በነበረው ቤት ደጃፍ ይቆማል፣ ሾፌሩም ጎማውን ይጎትታል።